ሦስተኛው ገጽ

«ስምሽ ነው» አለች ሰምሃር፣ ወደ ስክሪኑ እያመለከተች።

ደሪቱ ጎንበስ ብላ አየች። የምሳ ሰዓት ስለነበር በትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ክፍል ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ሰምሃር ጎግል ላይ «ወለላ የውበት ማዕከል» ብላ ፈልጋ ነበር። ከሁሉ በላይ የወጣው ጽሑፍ «ፊታችንን እንዴት እንንከባከብ?» ይላል፤ ከሥሩ «በደሪቱ ጉደታ»።

ጽሑፉ የእሷ ነው። የመጨረሻው አንቀጽ ግን የእሷ አይደለም። «በወጣቶች ዘንድ የታመነውን ወለላ የውበት ማዕከልን ይጎብኙ» ይላል፤ የማዕከሉ ስም በሰማያዊ ተጽፎ፣ ሲነኩት በቀጥታ ወደ መሸጫው ይወስዳል።

ደሪቱ አንቀጹን ደግማ አነበበችው። ሰምሃር አምና ከዚያው ማዕከል የገዛችው ቅባት ሁለቱንም ጉንጮቿን አቃጥሏት ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀርታለች። ሲሻላት የሆነችውን ሁሉ ከነፎቶው በራሷ ትንሽ ብሎግ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ የማዕከሉን ስም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን ጽሑፍ ነበር። ከአዳማም ከሐዋሳም የማታውቃቸው ልጆች «ልገዛ ስል ያንቺን አነበብኩ» እያሉ ይጽፉላት ነበር። አሁን የፍለጋው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የለም። ሁለተኛውም ላይ የለም። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተወሽቆ አገኙት።

«አላወቅኩም» አለች ደሪቱ።

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ገጹ ያንቺ አይደል?»

ሰምሃር ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቦታ ቀይራ ከፊት ተቀመጠች።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ደሪቱ «ብሩህ ገጽ» የተባለው አንጋፋ የድረ ገጽ መጽሔት ባዘጋጀው የድርሰት ውድድር አሸንፋ በወጣቶች ዓምድ የራሷን ገጽ አግኝታ ነበር። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ አባቷ አቶ ጉደታ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ በዘበኝነት በሚጠብቁት የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ገጿን ያላሳዩት ሠራተኛ አልነበረም። ወንድሟ ጉቱ ግን ሌላ ነገር አየበት። እሱ ቦሌ ሚካኤል አንዲት ክፍል ተከራይቶ የድርጅቶችን ስም ኢንተርኔት ላይ ከፍ የሚያደርግ ሥራ ከፍቷል። ቁጭ አድርጎ አስረዳት። ሰፈር ውስጥ የተከበረ ሰው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ካለ ማን ይጠራጠራል? ጎግልም እንደዚያው ነው፤ ለዓመታት የታመነ ትልቅ ድረ ገጽ የጠቀሰውን ድርጅት ከፊት ያወጣዋል። ስለዚህ ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ እንድትጽፍ፣ እሱ ደግሞ «እያስተካከለ» እንዲያወጣው ተስማሙ። የይለፍ ቃሏን ሰጠችው። ከወጣ በኋላ ግን አንዴም ተመልሳ አላነበበችውም።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቤት አልገባችም። ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ታክሲ እየቀያየረች ጉቱ ቢሮ ደረሰች። ቢሮው ከብረታ ብረት ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ሥር ያሉት የሚጮኸውን የብረት መፍጫ ባስነሱ ቁጥር ሰው ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል።

ጉቱ ሲያያት ደስ አለው። ወለላ በውጤቱ መርካቱን፣ አሁን ደግሞ ሌላ ጽሑፍ መፈለጉን ነገራት። የተዘጋጀውን ርዕስ አሳያት፦ «ወለላ በራስ መተማመኔን መለሰልኝ»። እንደ ተጠቃሚ ሆና እንድትጽፈው ነው።

«ተጠቅሜ አላውቅም» አለችው።

ማን ያውቃል ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የሰምሃርን ነገር ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ እሱም ሰምሃርን ያውቃታል፣ ቤታቸው ስንት ጊዜ መጥታ አብራቸው አጥንታለች። ግን ቶሎ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የጓደኛዋን ጽሑፍ ማንም እንዳልሰረዘው፣ ፎቶውም ሳይቀር እዚያው እንዳለ አስረዳት።

«ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ ጉቱ። ሦስተኛ ገጽ ድረስ ማን ይሄዳል?»

«ማንም» አለ ጉቱ።

ከአፉ አመለጠው። ከታች መፍጫው ተነሳ። እስኪቆም ድረስ ሁለቱም ጠበቁ።

«አቦ፣ ደሪቱ» አለ በመጨረሻ፣ «የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛዬ ነው። እሱ ከሄደ ቢሮው ተዘጋ። የአባዬን መሬት ወስደው ፎቅ ሠሩበት፤ ዛሬ አባዬ የዚያው ፎቅ ዘበኛ ነው። እኔም እንደሱ በር ላይ እንድቆም ነው የምትፈልጊው?»

ይህኛው ልቧን ነካት። ለአፍታ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ሰምሃር ፊቷ ላይ ፋሻ አድርጋ፣ ሰው እንዳያያት መጋረጃው ተዘግቶ የተቀመጠችበት ክፍል ትዝ አላት።

«ስሜን ግን አልሰጥህም» አለችው። እዚያው ፊቱ ቆማ ስልኳን አወጣችና የይለፍ ቃሏን ቀየረች። ጉቱ አልከለከላትም፤ የምሯን መሆኑ የገባው ግን ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ለወይዘሮ ኣምለሰት ደብዳቤ ጻፈች። ምንም አላስቀረችም፤ የይለፍ ቃሏን አሳልፋ መስጠቷንም፣ ቅባቱ ሰምሃርን ማቃጠሉንም ጨምራ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኣምለሰት ራሳቸው ደወሉላት። ጽሑፉ ዛሬውኑ እንደሚነሳ፣ ገጿም እንደሚታገድ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን ገና እንዳልወሰኑ ነገሯት።

«ይገባኛል» አለች ደሪቱ። «ግን ማንሳት ብቻ አይበቃም። ውሸቱ በእናንተ ገጽ ላይ ከወጣ እውነቱም በእናንተ ገጽ ላይ ይውጣ።»

ወይዘሮ ኣምለሰት ልጅ እንዲህ ሲላቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። የሐኪም ወረቀትና የቅባቱ ዕቃ ካለ እንዲቀርብ፣ ማዕከሉም መልስ እንዲሰጥ እንደሚጠየቅ፣ ከዚያ አንብበው እንደሚወስኑ ነገሯት። ቃል አልገቡላትም።

አርብ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ ወዳለው የእነሰምሃር ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት የሰምሃር እናት ወይዘሮ አስመረት ናቸው። እንደወትሮው ግቢ አላሏትም። «ጠብቂያት» ብለው ልጃቸውን ሊጠሩ ሄዱ።

ሰምሃር መጥታ በሩን ተደግፋ ሰማቻት። ደሪቱ ከይለፍ ቃሉ ጀምራ እስከ ወይዘሮ ኣምለሰት ድረስ ነገረቻት፤ በመጨረሻም፣ ከፈቀደችላት፣ የደረሰባትን ሁሉ በሚገባ ልትጽፍላት እንደምትፈልግ አከለች።

«አትጽፊልኝም» አለች ሰምሃር። «የተቃጠለው የኔ ፊት ነው። እኔው እጽፈዋለሁ፤ በስሜ፣ በፎቶዬ። ወረቀቱም ብልቃጡም እኔ ጋ ነው።»

«እሺ። እኔስ?»

«አንቺ ያደረግሽውን ጻፊ።»

ከዚያ በላይ አላወሩም። ታርቀዋል ማለት አይቻልም። ሆኖም ሰምሃር በሩን ስትዘጋ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ደሪቱ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ይህንኑ ስታስብ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ጉቱ ጫማውን እያሰረ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰላምታ ውጪ አልተነጋገሩም።

«የኔንም ስም ትጠሪያለሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«የይለፍ ቃሌን በፈቃዴ ለወንድሜ ሰጠሁ እላለሁ። እሱን ከዘለልኩ የጻፍኩት ግማሽ ነው።»

«ደንበኛው ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«ቢሮውስ?»

ሌላ ደንበኛ፣ ሰው የማያቃጥል ደንበኛ ካገኘ እስኪበቃው ድረስ እንደምትጽፍለት ነገረችው። ጉቱ ማሰሪያውን አጥብቆ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ጻፈች፦

«በዚህ መጽሔት ላይ በስሜ ለወጣው የተሸፋፈነ ማስታወቂያ በር የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ጉቱ ከደጅ ተመለሰ፤ ቻርጀሩን ረስቶ ነበር። ከግድግዳው ነቅሎ ሲያልፍ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ አሻግሮ አነበበ። ትንፋሹ ይሰማታል። ስክሪኑን በእጇ ልትሸፍነው ትችል ነበር። አልሸፈነችውም፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ጀመረች።