ከግድግዳው ውስጥ የሚለስነው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፣ ማረጋገጫ የሌለው ነገር ለኔ ተረት ነው፣ አሁንም ቢሆን ጂን ነው፣ ዛር ነው ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። የማወራችሁ ስለ ሳሎኔ ግድግዳ ነው፣ እመኑኝ፣ እስከ ዛሬ ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ንዴቱ ነው።

አዳማ ላይ ስንት ዓመት ተከራይተን ኖረን በስተመጨረሻ የራሳችን ቤት ገባን። ባለቤቴ ግርማ ወንጂ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ በአዘቦት ቀን ብቻዬን ነኝ። ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ብሎኬት ሳይሆን ጂፕሰም ቦርድ ነው፣ በግራም በቀኝም ቦርድ፣ መሐሉ ክፍት። ታዲያ በገባን በሦስተኛው ሳምንት፣ በሳሎኑ በኩል የላይኛውና የታችኛው ቦርድ የሚገናኙበት መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀልኝ፣ በደረቴ ቁመት፣ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ። ቤቱን ለሠራልን ሰው ደወልኩለት፣ "ይሄማ ኖርማል ነው፣ ቀለም አስነኩበት" አለኝ። ኖርማል! አዲስ ቤት መሰንጠቁ ኖርማል ከሆነ ያልተሰነጠቀው ምን ሊባል ነው? ሁለተኛ ስደውልለት አላነሳም።

በሰው በሰው ቶሎሳን አገኘሁ፣ የአርሲ ነገሌ ሰው ነው፣ ወሬ የማያበዛ ጎልማሳ። በስፓቱላው ጫፍ ጫር ጫር አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

"ቲቸር፣ መገጣጠሚያው ላይ ሁለቱን ቦርድ አያይዞ የሚይዝ ቴፕ የሚባል ነገር የለም፣ ስቱኮ ሞልተውበት ብቻ ነው የሄዱት። የአዳማ ሙቀት ቀን ይለጥጠዋል፣ ማታ ይሰበስበዋል፣ እንዴት አይሰነጠቅ?"

እሱ ግን እንደ ሰው ሠራው፣ ስንጥቁን ሰፋ አድርጎ ከፈተ፣ የላላውን ብሎን አጠበቀ፣ ቴፕ ለጠፈበት፣ ስቱኮውን ሦስት ዙር ቀባ፣ አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላውን አልደረበም፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። እኔም መስመሩን በጣቴ ፈልጌ ሳጣው መረቅኩት።

በአምስተኛው ቀን ያው ስንጥቅ ተመልሶ መጣ!

ስልኬን ለማንሳት ስነሳ ነው የሰማሁት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ከጠዋት ፈረቃ ተመልሼ ፈተና እያረምኩ ነበር። ኽርርር፣ ኽርርር፣ ኽርርር። ብርጭቆ ወረቀት ደረቅ ነገር ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ቶሎሳ ሲሠራ ስሰማው ሰንብቻለሁና አልስተውም። ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ ከውስጥ ነው። ሦስቴ ይፈገፍጋል፣ ያርፋል፣ እንደሚዳስስ ሰው ዝም ይላል፣ እንደገና ሦስቴ ይፈገፍጋል። መኝታ ቤት ሮጥኩ፣ ማንም የለም። "ማነው አንተ!" ብዬ ግድግዳውን በጡጫ ነረትኩት። ዝም አለ። ደቂቃ ሳይቆይ ቀጠለ፣ ያውም ሥራ እንዳስፈታሁት ሁሉ በቀስታ! በገዛ ቤቴ እኔ ረባሽ ሆንኩ፣ ይታያችሁ።

ግርማ ጋ ስደውል "አይጥ ነው" አለኝ። "አይጥ ብርጭቆ ወረቀት ከየት አመጣ?" ብዬ ዘጋሁበት።

በማግሥቱ ቶሎሳን ጠርቼ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ሰባት ሰዓት ሲሆን ጀመረ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ቆመ፣ "ያ ዋቅ!" አለ በለሆሳስ፣ አምላኩን መጥራቱ ነው።

"ምን ትተህ ነው የዘጋኸው?" ጮህኩበት።

"ቲቸር፣ እኔ የነካሁት ውጪውን ነው፣ ውስጡን አይቼውም አላውቅ" አለኝ፣ ፊቱ ላይ ቅያሜ አየሁ።

"እንግዲያው ቁረጠው!"

መስመሩን መሐል አድርጎ መስኮት የሚያህል ቆረጠና አውጥቶ ገለበጠው። በጀርባው፣ በመገጣጠሚያው ልክ፣ ጭቃ ተለስኗል። ጭድ የገባበት፣ እንደ ድሮ ቤት ምርጊት፣ ገና እርጥብ። ከዳር እስከ ዳር የአራት ጣት ፈለግ ሄዶበታል። ቶሎሳ የራሱን እጅ አስጠጋ፣ አካፋ የሚያህል እጅ ነው ያለው፣ የጭቃው ጣቶች ግን ከሱ በአንድ አንጓ ይረዝማሉ።

በስልኬ መብራት ውስጡን አየን፣ ብረቱ አለ፣ አቧራ አለ፣ መዳፍ እንኳ በጎን ካልሆነ አይገባበትም። ቶሎሳ ግን መብራቱን ወደ ማዶው ቦርድ፣ ወደ መኝታ ቤቱ በኩል አዞረው። እዚያም መገጣጠሚያው ተለስኗል፣ የዚያኛው ደግሞ ደርቆ ነጥቷል፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደተፈገፈገም ለስልሷል።

"ቲቸር፣ በዚያ በኩል ስንጥቅ ነበር?"

"የለም፣ በዚያ በኩል ደህና ነው።"

"ታዲያ ያልተሰነጠቀውን ምን ብሎ ለሰነው?"

"ዝጋው" አልኩ። ከጀርባው እንጨት ደግፎ፣ አዲስ ቦርድ ቆርጦ፣ ቴፑን ለጥፎ ዘጋው፣ በነጋታው አለሳልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ሻሸመኔ ሥራ ይዣለሁ ይለኛል።

ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል፣ እንግዳ ሲመጣ "እንዴት ያለ ሥራ ነው!" ይለኛል፣ እኔም የማን ሥራ እንደሆነ ሳላውቅ አመሰግናለሁ። ለብዙ ወር ድምፅም አልነበረም። በዚህ ወር ግን መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ጀመረ፣ ያ ደግሞ ጂፕሰም አይደለም፣ ድፍን ብሎኬት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግርማም ሰማው፣ አይጥ አላለም፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር አየሁት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚሰነጠቀውን ቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ለባለቤቱ መናገር ምን ይከብደዋል? ዛሬ ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላረፈም፣ ይቸኩላል።