ጣራ ላይ የተጣለው ጥርስ

ኦቦ ዲዳ ሞተው የተገኙት እሑድ ጠዋት፣ ልጃቸውን ኤቢሴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ዕለት ነበር። ትራሳቸው በደም ርሷል፤ ከታችኛው ረድፍ አንድ የፊት ጥርስ ጎድሏል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነገሩን አላወሳሰበም፦ ሟች ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዱ ነበር፤ ጥርሱ ከተነቀለበት ድድ ሲፈስ ያደረው ደም ገድሏቸዋል።

ታናሽ ወንድማቸው አቶ መርዳሳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ኦቦ ዲዳ ዓርብ ዕለት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበርና «ነቅላ ገደለችው!» ብለው ጮኹ፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አስተጋባ። ወጣቷ የጥርስ ሐኪም ኑኃሚን ከጸሎት ቤት ስትወጣ ተይዛ ጣቢያ ገባች። የሰው ሕይወት በማጥፋት ልትከሰስ ነው።

ኢንስፔክተር አረጋሽ የአዳማን ሙቀትና የሰው ጩኸት እኩል ነው የምትጠላው። በሩን ዘግታ ከኑኃሚን ፊት ተቀመጠች።

«ነቅለሻል?»

«አልነቀልኩም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድን ሰው የልብ ሐኪሙን ሳላማክር እንዴት እነቅላለሁ? መሰርሰሪያ እንኳ አላነሳሁም። የተበላው ላይ ጠብታ ቀብቼ ላክኋቸው። ብር ያለበት መድኃኒት ነው፤ መበስበሱን ያቆመዋል።»

«ቤተሰቡ ግን ስለ ደም ማቅጠኛው አያውቅም ነበር።»

ኑኃሚን አንገቷን ደፋች። «ክኒኑን ለጨጓራ ነው እያሉ ነበር የሚውጡት። ‹ልጄን ሊጠይቁ ሲመጡ በሽተኛ አባት ሆኜ አልታይም፤ ለማንም እንዳትናገሪ› አሉኝ። እሺ አልኳቸው።»

«ሌላስ?»

«መድኃኒቱ ሲቀባ እንደ ውኃ ነው። ውሎ አድሮ የተበላውን ያጠቁረዋል። ቆዳም ከነካ ያጠቁራል፤ በሳሙና አይለቅም።»

አረጋሽ ወደ ሐዘን ቤቱ ሄደች። የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ አልጋው ሥር፣ ግቢውን ፈተሸች። ጥርሱ የለም። አቶ መርዳሳን ከድንኳኑ ጠርታ ጠየቀቻቸው።

«እዚህ ቤት የተነቀለ ጥርስ የት ይጣላል?»

«የልጅ ጥርስማ ጣራ ላይ ነው። የኤቢሴን ሁሉ አባቷ ነበር የሚወረውርላት» አሉና አለቀሱ።

አረጋሽ መሰላል አስመጥታ ወጣች። አሸንዳው ውስጥ፣ ከደረቀ ቅጠል ጋር፣ ክር የታሰረበት ጥቁር ጥርስ አገኘች። ወርዳ ድንኳኑ መካከል ቆመችና ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች፦ «መድኃኒቱ የነካውን ጣት ያጠቁራል። ነገ የሁሉንም እጅ አያለሁ።» ከዚያ ሌላ ነገር ሳትጨምር ሄደች።

በማግስቱ ኑኃሚንን ይዛ ተመለሰች። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። አቶ መርዳሳ ብድግ አሉ።

«ይቺን ምን አድርጊ ብለሽ አመጣሻት?»

«ይቀመጡ፣ አቶ መርዳሳ። ሊነቅሉት ያሰቡትን ጥርስ መድኃኒት የሚቀባ ሐኪም አለ?»

«የለም።»

«ክሊኒክ የተነቀለ ጥርስ እዚህ ቤት ጣራ ላይ ይገኛል?»

አቶ መርዳሳ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጥርሱ ጠቁሯል። ስለዚህ የተነቀለው መድኃኒቱ ከተቀባ በኋላ፣ ውሎ አድሮ ነው፤ እዚሁ ቤት፣ በክር። የነቀለውም የጠላት እጅ አይደለም። ጠላት የሰው ጥርስ ጣራ ላይ አይወረውርም።» አረጋሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የምትጠላው የሥራዋ ክፍል እዚህ ጋ ነበር የሚጀምረው። «ኤቢሴ፣ ልጄ፣ ትናንት እጅሽ ከነጠላው ሥር አልወጣም። ዛሬ ጣትሽ ሂና አለው። ሐዘን ቤት ሂና የሚቀባ ማን አለ?»

ኤቢሴ እጇን አወጣች። ከሂናው ሥር የሌባ ጣቷ ጫፍ ከሰል መስሏል።

«ዓርብ ‹አፌን ብረት ብረት አለኝ› ሲለኝ በጣቴ ጠረግኩለት» አለች። «ቅዳሜ ማታ በመስታወት ጥርሱ ጠቁሮ አየ። ‹በዚህ አፍ ነው ነገ የምመርቅሽ? ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል?› አለ። ጥርሱ ድሮም ይነቃነቅ ነበር፤ በክር አስሬ ሳብኩት። እየሳቀ ‹አሁን ደግሞ አንቺ ወርውሪልኝ› አለኝ። ደሙ አልቆም ሲል ሐኪም ልጥራ አልኩት። ‹ለጥርስ ሐኪም ይጠራል? ሂጂ ተኚ› አለኝ። ተኛሁ።»

«እሷ ስትታሰርስ?»

«አጎቴ ሐኪሟ ናት አለ። ዝም አልኩ።»

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እዚያ ቤት ግን አባት ዝም አለ፣ ሐኪም ዝም አለች፣ ልጅ ዝም አለች፤ ወርቅ ያገኘ የለም። አቶ መርዳሳ «ዋቃዮ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩና ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። አረጋሽ እውነቱን አግኝታለች፤ ማንንም የሚጠቅምበት መንገድ ግን አልታያትም። ኑኃሚንን ትለቃለች፤ ይቺን ልጅ ይዛ ትሄዳለች። ሌላ የምታደርገው የለም።

ኤቢሴ ወደ ኑኃሚን ዞረች።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እንደዚያ የጠቆረው በስብሶ ነው አይደል? ባይነቀልም ይጎዳው ነበር?»

ኑኃሚን ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተች። አረጋሽ ልትረዳት አልቻለችም፤ መሬት መሬት ታያለች። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ኑኃሚን ግን አንድ ጊዜ ዝም ብላ የሆነውን አይታለች።

«አይደለም» አለች እያለቀሰች። «የሚጠቁረው መበስበሱ ሲቆም ነው። ጥርሱ ድኖ ነበር።»

ኤቢሴ ጥቁሩን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ተነሣች፤ አረጋሽም በሩን ከፈተችላት።