ዋናው ጋን የቱ ነው?

ባጃጁ ሳይቆም ዘላ ገባች።

ውስጥ አለቃዋ ተቀምጧል። የምስጢር ስሙ «ጭልፊት»። ስሙን ያወጣለት ሰው ጭልፊት አይቶ አያውቅም፤ ቦርጩ ከሹፌሩ ወንበር ጋር ይጋፋል።

«ስም! የአለቃቸው ስም!» አላት።

«ስም የለም።»

ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ወሬው ግን የሱዳኗን ኦምዱርማን ያዳርሳል። «ድሩ» ይሉታል። ኢብቲሃጅ የድሩን አለቃ ፈልጊ ተብላ፣ በሱዓድ ስም ለውዝ ሻጭ ሆና ሰፈር የገባች ሰላይ ናት።

«ጌታዬ፣ ድሩ ራስ የለውም። ስልክ ከስልክ ሲጠጋ መልእክቱ በራሱ ይሻገራል። ሰው ውሃ ሊጠጣ መንገድ ዳር ጋን ጋ ይቆማል፣ ስልኮቹ እዚያ ያወራሉ። በቃ!»

«ጋኑን የምትሞላው ሐጃ ኒዕማትስ?»

ደነገጠች። የሐጃን ስም ነግራው አታውቅም።

«ሰው አስከትለውብኛል?»

«ታዲያስ! ልጆቹ ሊያመጧት ሄደዋል።»

«አሮጊት እኮ ናት! ለነፍሷ ብላ ነው የምትሞላው። ስልክ እንኳ የላትም!»

«አለቃ ስልክ አይዝም» ብሎ ሳቀ። «ለበላይ አንድ ራስ ማቅረብ አለብኝ።»

ባጃጁ ገበያው ግርግር ውስጥ ሲዘገይ ዘላ ወረደች።

እየሮጠች ስልኳ ላይ ጻፈች። «ሐጃን ሊወስዷት ነው። ጋን ያለው ሁሉ በሩ ላይ ያውጣ!»

ስልኳ ከሰው ስልክ እንዲጠጋ የፉል ሰልፉን ሰንጥቃ አለፈች። በልብስ ሰፊዎቹ መሃል። በአውቶቡስ ተሳፋሪው መሃል።

መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አታውቅም።

የጭልፊትን ልጆች የጫነው ፒክአፕ አቧራ አልብሷት ቀደማት።

አለቀ።

ጥጉን ስትዞር ግን ቆመች። በየበሩ ጋን። በየጋኑ አጠገብ ቶብ የተከናነበች አሮጊት።

«ሐጃ ኒዕማት የቷ ናት?» ይላል የፒክአፑ አዛዥ።

«መጀመሪያ ጠጣ እንጂ ልጄ! ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል እኮ!»

«እኔ ጋ ይቀዘቅዛል!» አለች ሌላዋ።

ውሃ እንቢ አይባል ነገር። ጠጡ። ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ። አዛዡ በመጨረሻ ራዲዮውን አነሳ።

«ጌታዬ፣ ዋናው ጋን የቱ ነው?»



ኢብቲሃጅ ሹልክ አለች። ያስጠነቀቀችው እሷ መሆኗን ጭልፊት አይስተውም። ድልድዩ ላይ ሲም ካርዷን ነቅላ አባይ ውስጥ ወረወረችው። የእናቷ ቁጥር አብሮ ሄደ፤ ቤት መደወል ከእንግዲህ የለም። ስሟም የለም።

ከወንዙ ማዶ፣ የአንዲት የማታውቃት ሴት ጋን ጋ ቆመች። ሲም አልባው ስልኳ ነዘረ።

«ሐጃ ደህና ናት። ሱዓድ የምትባል ለውዝ ሻጭ ያያችሁ፣ ውሃ ስጧት።»

ላኪው ማን ነው? አንድ ሰው? ሰፈሩ ሁሉ? ድሩ ራሱ? ፈልጊው ተብላ የተላከችው እሷም አታውቅም።

ሴትየዋ ጣሳውን ዘረጋችላት። «የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«የማንም አይደለሁም፣ አክስቴ።»

ጠጣች። ጣሳውን መለሰችና ሰው መሃል ገባች።