የመንታ እጆች ይሉኝታ

አስካለ እንደ ማለዳ ልማዷ እጆቿን ከመስቀያው ላይ አጠለቀችና ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች። የራሷ እጅ ስለሌላት በሰመራ የፊኛ ጣቢያ ሃያ ዓመት የሠራችው በእንዲህ ያሉ ሰው ሠራሽ እጆች ነው። እጆቹ በብሉቱዝ፣ ማለትም ዕቃን ከዕቃ ያለ ገመድ በሚያገናኘው ጥንታዊ ዘዴ፣ ከጠረጴዛ ኮምፒውተሯ ጋር በራሳቸው ይገናኛሉ። ከዚያ ጣቷን ባነቃነቀች ቁጥር እህል የጫኑ ፊኛዎች በበረሃው ሰማይ ላይ ይታጠፋሉ። ካልተገናኙ ግን እንደ ባዶ ጓንት ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ዛሬ አልተገናኙም።

እጆቹ ትናንት የመጡ አዲሶች ናቸው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደምመላሽ በአራት ሰዓት ሊፈትኗት ቀጥረዋል። ደንቡ አጭር ነው፦ ነጂ ከተቀመጠ በኋላ ማንም ሳይረዳው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት። ካልቻለች ወንበሯን አውቶማቲክ ነጂ ይወስደዋል።

የጣቢያው ዕቃ ጠጋኝ ምናሴ በሁለት ሰዓት ደረሰ። ብሉቱዙን አጥፍቶ አበራ። ባትሪዎቹን አየ፤ ሙሉ ናቸው። እጆቹን ከዝርዝሩ ሰርዞ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደ አዲስ አስተዋወቃቸው። «አገናኝ» የሚለውን ሲጫን ሁለቱም ነፍስ ዘሩ።

«ይኸው ሠሩ፣ እትዬ አስካለ!»

«አንተ ስትጫነው ነዋ! እኔ በምኔ ልጫነው? በአፍንጫዬ?»

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው እጆቹ እንደገና ዝም አሉ። ለየብቻ ሲሞክራቸው ቀኙም ገባ፣ ግራውም ገባ። እምቢ የሚሉት አብረው ሲሆኑ ብቻ ነው። ምናሴ ግራ ገብቶት የዕቃዎቹ ንግግር የሚመዘገብበትን ገጽ ከፈተ።

ቀኝ፦ ይቅደሙ።
ግራ፦ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።
ቀኝ፦ በፍጹም! እርስዎ።

ስምንት መቶ መስመር ሙሉ እንዲሁ ነው። አስካለ ሳቋ አመለጣት። «የሠርግ ቤት በር ላይ የተገናኙ አማቾች!»

«ይሉኝታ ነው» አለ ምናሴ። ይሉኝታ ዕቃዎች ለግንኙነት እንዳይሻሙ የአገሩ መሐንዲሶች ያበጁት ሥርዓት ነው፤ ታናሹ ታላቁን ያስቀድማል። «የድሮ እጆችዎ ቀኙ በሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር። እነዚህ ግን በአንድ ደቂቃ የተሠሩ መንታ ናቸው። ታላቅ የለም።»

«ታዲያ ዋሽተህ ለአንዱ ዕድሜ ጨምርለት።»

«ልደታቸው ፋብሪካ ውስጥ የታተመ ነው፤ አይነካም።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አስካለ ተንጠልጥለው የቀሩትን እጆቿን አየቻቸው። ሳቋ ጠፍቷል።

«እኛስ እንዲህ ስንግደረደር ምን ይገላግለናል?» አለች። «አንዱ በሞቴ ሲል ነው! ከዚያ ወዲያ እምቢ የሚል የለም።»

ምናሴ ቀና አለ። ከሦስተኛው «ይቅደሙ» በኋላ ቀኙ «በሞቴ» እንዲል፣ ግራውም እንዲገባ የሚያዝ ሕግ ጻፈ። ኮምፒውተሩ መለሰው፦ «መሣሪያ በሌለው ነገር መማል አይችልም። ቀኝ እጅ ሞት የለውም።»

«በኮምፒውተሩ ሞት ቢልስ?»

«እሱም የለውም፣ እትዬ።»

«የእኔ አለ አይደል። በእኔ ይበል።»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ!»

«ጻፍ! ከእኔ ሌላ ማን አላቸው?»

ጻፈ። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ቦታ ሳይሞላ አላሳልፍ አለው፦ «ዋሷ የምትሞትበት ቀን።»

የምናሴ ጣቶች ቆሙ። «ምን ልበለው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«አይታወቅም» ብሎ ሞላ። ኮምፒውተሩ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አሰበና ተቀበለው።

በአራት ሰዓት አቶ ደምመላሽ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ። ምናሴ ከጠረጴዛው ራቀ። አስካለ ተነሥታ ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ራቀችና እንደገና ተቀመጠች፤ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ጣቶቿ ተፍታቱ።

«ጎበዝ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉና ፈረሙላት።

ምናሴ ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ገጹን አንድ ጊዜ አየው። ዕቃን ትሕትና ማስተማር ተችሏል። ትሕትናውን የሚቋጨው ቃል ግን የሚሞት ሰው ፈልጎ ነበር።

ቀኝ፦ በአስካለ ሞት!
ግራ፦ እሺ። እሷ ትኑር።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት እሱ አልጻፋቸውም። ሊነግራት ዞረ፤ አስካለ ግን ጤፍ የጫነች ፊኛ በነፋስ መሐል ቀስ አድርጋ እያሳለፈች ነበር። አላቋረጣትም።