ልብ የሸመነው ጨርቅ

ሽማግሌው ጥለት ነዳፊ ከሽመና ማሽኑ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ በትራስ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ልጁ አላለቀሰችም። ይኸው ሦስት ቀን ሆነ፤ እጅና እግሯ የሌላ ሰው እየመሰላት ተቀምጣለች።

ማሽኑን የሠራው ባሏ፣ መሐንዲሱ ነው። አባቷ የልብ ምት ቆጣሪ እጁ ላይ ያስራል፤ ልቡ በመታ ቁጥር ማሽኑ አንድ ቀይ ክር ይወረውራል፣ ጨርቁም በእኩል ፍጥነት ይጠቀለላል። ሥራውን «የሰው ልብ» ብሎ ሰይሞታል።

ክሩ የቆመው ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበረችው ደግሞ አስር ከሩብ ላይ ሳትጠራ መጥታ፣ የማሽኑን ድምፅ ስትሰማ ሥራ ላይ ነው ብላ ሳሎን የጠበቀችው ልጁ ብቻ ናት። የፖሊስ አለቆች ነገ ትታሰር ብለዋል። ጉዳዩን የያዘችው አጭር፣ ወሬ የማታበዛ መርማሪ የአንድ ቀን ጊዜ ለምና የቤተሰቡን ሐኪም ጠራችው።

«ልቡ ደህና ነበር?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «የሚያስመታው ደረቱ ውስጥ ያለ ባትሪ ነው። ዓምና ነው የገጠምንለት። ሰው በሥራው እንዳይስቅበት ፈርቶ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ለልጁም?»

«ለልጁም፣ ለአማቹም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ልጅቱን፣ መሐንዲሱንና ሐኪሙን ማሽኑ ጋ ሰበሰበቻቸውና ጨርቁን ዘረጋችው።

«እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ክሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ባትሪው ነው። ከዚያ በኋላ ይዛነፋሉ፤ የመታው ሌላ ልብ ነው።»

መሐንዲሱ ሳቅ አለ። «ማሽን እኮ ይሳሳታል፣ እትዬ።»

«ያንተ አይሳሳትም፤ እጅህ ይባረክ። አስር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ነዋ! ስለ ሥራው ንግግር ሳደርግ መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ሰባት ደቂቃ ተናግረሃል።» ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። «ከአስር ሰዓት ጀምሮ ለሰባት ደቂቃ ክሮቹ ተጨናንቀዋል። ሰው ፊት የቆመ ልብ እንዲህ ነው። ለመለዋወጫ ያስቀመጥከውን ሁለተኛ የልብ ምት ቆጣሪ እጅጌህ ስር አስረህ፣ ምቱን በስልክህ እየላክህ፣ የሞተውን ሰው እስከ አስር ከሃያ በሕይወት አቆየኸው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ዘንድሮ ጨርቅም ጀመረ።»

መሐንዲሱ የእጁን አንጓ ጨበጠ።

«አምስት ዓመት ለፍቼበታለሁ» አለ። «አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። የኔንም ጨምር ብዬ ብጠይቀው፣ ‹መዶሻ የሠራ ሰው ስሙ ወንበር ላይ ይጻፋል እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ልጅቱ ቀና አለች። «እኔን ሊያስሩኝ ነበር።»

«እንደምትመጪ አላወቅሁም።»

«ከመጣሁ በኋላስ? ሦስቱንም ሌሊት አጠገቤ ተኝተሃል።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ልትጠላው ሞከረች፤ ምንም አልተሰማትም።

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ነፃ ነሽ፣ ልጄ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«የቱ ቤት?» አለች። ቁጣም ኀዘንም አልነበረበትም፤ ማወቅ ብቻ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።