ጫማው ይድረስ

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ፌንጣ የሚሏት ልጅ ልቧ ዘለለ። አባቷ ሱቃቸው ውስጥ አፉን ምስማር ሞልቶ፣ ሶፋ ላይ ጨርቅ እየወጠረ ነበርና ቀና አላለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ስልኩን ከሽርጧ ስር ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ጥይት፣ 5 ኪሎ ሜትር አልፈሃል። በርታ!»

እሰይ፣ አለች በሆዷ።

ጥይት ወንድሟ ነበር። የሰፈር ልጆች ያወጡለት ስም ነው፤ እሷንም ፌንጣ ያላት እሱ ነው፣ ቀጫጫ ስለሆነች። ለዚህ ግማሽ ማራቶን ሲመዘገብም ይህንኑ ቅጽል ስሙን ነበር የሞላው። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ልምምድ እንደወጣ አንድ የጭነት መኪና ገጨው። አምስት ወር ሊሞላው ነው። አሁን ኪሷ ውስጥ ያለው ስልኩ ያን ዕለት ቤት ቻርጅ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም።

ዛሬ በእሱ ቁጥር፣ በእሱ ጫማ የምትሮጠው እናታቸው ነች።

አዎ፣ እናታቸው! አውቶቡስ ሊያመልጣት እያየች እንኳን «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» የምትል ሴት። ከቀብሩ በኋላ ማለዳ ማለዳ «ዳቦ ልግዛ» እያለች ትወጣና ላብ በላብ ሆና ትመለስ ጀመር። አባቷ አንድ ቀን «ዳቦ ቤቱ እኮ ጎረቤታችን ነው፤ አንቺ ነሽ እንዴ የምትጋግሪው?» ብሏት ነበር። ከሐዘኑ ወዲህ የቀለደው ያችን ብቻ ነው። እውነቱን ቢያውቅ ግን ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል። «የሩጫ ወሬ እዚህ ቤት እንዳልሰማ! ልጄን የበላው ሩጫ ነው!» ብሎ የጥይትን ሜዳሊያዎች በጆንያ አስሮ ቁም ሳጥን ላይ ወርውሯቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮም የልጁን ስም በአፉ አልጠራም።

«ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ ነበር እናቷ ትናንት፣ ስልኩን እያስጨበጠቻት። ለእሱ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ነው ብላዋለች። «መልእክቱን አንቺ ተቀበዪልኝ፣ እስከ መጨረሻው።»

የስልኩ የመልእክት ድምፅ የጥይት የራሱ ፉጨት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ከመንገድ ማዶ የሚያፏጨውን ፉጨት ራሱ ቀድቶ ያስገባው ነው። ፌንጣ ድምፁን ያጠፋችው አባቷን ፈርታ ብቻ አይደለም። እሷም ብትሰማው የምትችለው አልመሰላትም።

የከበዳት ግን ሌላም ነገር አለ። የጥይት ጫማ ለእናቷ በጣም ሰፊ ነበር። «በራስሽ ጫማ ሩጪ፣ እማዬ» ብትላት አሻፈረኝ አለች። «ጫማው ነው መድረስ ያለበት» አለች። መንገዱ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ሲታለፍ ርቀቱን መዝግቦ ወደ ስልኩ መልእክት የሚያስልከው ቺፕም የጫማው ማሰሪያ ላይ ነው። መላውን ያመጣችው ፌንጣ ነች። የሶፋ ሰሪ ልጅ አይደለች? ከአባቷ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ወስዳ፣ በልኩ ቆርጣ፣ የጫማውን አፍንጫም ተረከዙንም ጠቀጠቀችው። እናቷ አጥልቃው ወዲያ ወዲህ አለችና «ሶፋ ላይ የቆምኩ እኮ ነው የሚመስለኝ!» ብላ ሳቀች።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር በደህና አለፈ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጣለ።

«አንቺ ልጅ! ስፖንጁን! ስፖንጁን አስገቢ!» ብሎ ጮኸ አባቷ።

ተሯሩጠው በር ላይ የተደረደረውን አስገቡ። አንዱ ቁራጭ ግን ቀድሞ ርሶ ነበር። አባቷ አንስቶ ሲጨምቀው ውሃው በክርኑ ወረደ። «አየሽ ይኼን? ስፖንጅ አንዴ ውሃ ከጠጣ አለቀለት። ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ የነካውን ሁሉ ይፈገፍጋል» አለና ወደ ጥግ ወረወረው።

ፌንጣ ደጁን አየች። ዝናቡ አስፋልቱን ጎርፍ አድርጎታል። ወይኔ እማዬ፣ አለች በሆዷ። ምን ሠራሁ?

የአሥራ አምስተኛው መልእክት ቀረ ስትል፣ በጣም ዘግይቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም። ሩጫውን የጨረሱ ሰዎች ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በዝናብ በስብሰው፣ እየተሳሳቁ በሱቁ በር ማለፍ ጀመሩ። አባቷ ጀርባውን ሰጣቸው። ፌንጣ ግን እያንዳንዷን ሴት አየች። እናቷ የለችም።

ብትናገር እናቷን ከዳች። ዝም ብትል ደግሞ... ያን ጠዋትም ቤት ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ ነበር፣ ጥይት ሲዘገይ። «ይመጣል» እየተባባሉ ቁርስ በልተው ነበር።

«አባዬ።»

«እ?»

«እማዬ ዘመድ ጋ አይደለም የሄደችው።»

መዶሻው ቆመ። ፌንጣ ሳትተነፍስ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ዳቦውን፣ ቁጥሩን፣ ጫማውን፣ ስፖንጁን። አባቷ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። አሁን በጥፊ ይለኛል ስትል፣

«ውፍረቱ ምን ያህል ነው?» አለ።

«የምኑ?»

«የስፖንጁ ነዋ!»

በጣቶቿ አሳየችው። «እግሯን ልጦታል!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ሰዎች፣ አንዱን ቀብሬ...» እያለ ከሶፋ ስር የሚለበጠውን አቡጀዲ ጨርቅ ጎትቶ ሰፊ ቅዳጅ ቀደደ፣ መቀሱን ኪሱ ከተተ፣ ወጣ። የሱቁን በር እንኳን አልቆለፈም። ፌንጣ ተከተለችው። ሩጫ የጠላው ሰውዬ በሩጫው መንገድ፣ ሯጮቹ ወደመጡበት አቅጣጫ እየሮጠ ነበር።

እናቷን መንገድ ዳር፣ የእግረኛ መሄጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የዝናብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ የመንገዱን መዝጊያዎች እየሰበሰበ አጠገቧ ደርሷል። ጫማው እግሯ ላይ ነው፤ ተረከዙ ቀልቷል።

«ነገርሽው?» አለች እናቷ።

«ነገርኩት።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቆጣችም።

«ተነሺ፣ ወደ ቤት!» አለ አባቷ።

«አልነሳም።»

«እግርሽን አታዪውም እንዴ? ለማን ብለሽ ነው?»

«ለማን ልበልህ?» አለች እናቷ። ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር መታ መታ አደረገችው፤ ከቁጥሩ በላይ «ጥይት» የሚል ተጽፎበታል። «ሰዎች ይህን እያነበቡ ‹ጥይት! ጥይት!› ሲሉኝ ነበር። የማያውቁኝ ሰዎች! እኛ ቤት አምስት ወር ሙሉ ያልተጠራ ስም። እዚህ የደረስኩት እሱን እየሰማሁ ነው።»

አባቷ ውሃው ላይ ተንበረከከና ማሰሪያውን ፈታ። ስፖንጁን ሲያወጣው የተጨመቀው ውሃ ቀይ ነበር። ፌንጣ ፊቷን ልታዞር ፈለገች፣ ግን የቆረጠችው እሷ ናትና አየችው። አባቷ አቡጀዲውን በመቀስ እየሰነጠቀ የእናቷን እግር ጠመጠመ፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ የወንበር እግር ሲለብጥ እንደሚያደርገው ጥብቅ አድርጎ። ከዚያ ጫማውን አነሳ። ውስጡን አይቶ ቆየ።

«የጥይት እግር» አለ፣ «እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ?»

እናቷ እጇን ትከሻው ላይ ጣለች። ሁለቱም አለቀሱ፣ ዝናቡ ላይ።

ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤት፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ምንጣፍ ሊጠቀልሉት ነው። ካነሱት አይመዘግብም። መኪና ልጥራልዎት?»

«አትጥራ!» አለ አባቷ። «እንዲጠብቁን ንገርልን።»

«በሬዲዮ እጠይቃለሁ። ግን ቃል አልገባም።»

አባቷ ጫማውን አጠለቀላትና ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረ። እናቷ ስትነሳ ጥርሷን ነከሰች። በአንድ በኩል እሱን፣ በሌላ በኩል ፌንጣን ተደግፋ መራመድ ጀመረች። መንገዱ ላይ ሌላ ሯጭ የለም። የሚያጨበጭብም የለም።

ትንሽ እንደሄዱ ፌንጣ በነጻ እጇ ስልኩን አወጣች። ያጠፋችውን ድምፅ፣ የጥይትን ፉጨት፣ መልሳ ከፈተችው፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ከዚያ በእናቷ ጀርባ ዞራ የአባቷ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

አባቷ አያት። ምን እንደሆነ ገብቶታል። አላወጣውም፤ ዝናቡ እንዳይገባበት ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ መራመዱን ቀጠለ።