የተላጠው ሃይላንድ

የፕላስቲክ መፍጫው ባለቤት ኣስመላሽ በተጨመቀ ፕላስቲክ ክምር ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከንፈሩና ጉሮሮው የተፈጨ ፕላስቲክ በሚታጠብበት ኮስቲክ ሶዳ ተቃጥሏል። አጠገቡ አንድ ሃይላንድ ወድቋል። ሰውየው በየስብሰባው «ምንም ነገር አይጣልም!» እያለ መቐለን ያስጨበጨበ ነበር፤ ውሃ እንኳ የሚጠጣው ባገለገለ ሃይላንድ እያስሞላ ነበር። ገዳዩም ይህን ያውቃል።

ቀኑ የሚካኤል በዓል ስለነበር ጠርሙስ የሚለዩት ለቃሚ ሴቶች አልገቡም። በኲሓ መንገድ ባለው ግቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ከለቃሚነት ተነስታ እመቤት የሆነችው ሚስቱ ኣልጋነሽ፣ ሸሪኩ ፍትዊ፣ ከወሎ የመጣው አጣቢ ኑርሁሴን። ፖሊሶች ገና ከመድረሳቸው ኑርሁሴንን በካቴና አስረው በጥፊ አጩለውታል። ድሃና እንግዳ መሆኑ በቅቷቸዋል።

ኢንስፔክተር ለተመድህን ጠርሙሱን አገላብጣ አየች።

«ሶዳውን የሚበጠብጠው ማነው?»

«እሱ ነዋ!» አለ ፍትዊ ወደ ኑርሁሴን እየጠቆመ። «ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ወላሂ አልገደልኩም» አለ ኑርሁሴን፣ ከንፈሩ እየደማ። «የሶዳው መጋዘን ቁልፍ በሩ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ሁሉም ያውቃል።»

«ለቃሚዎቹ ጠርሙሱን ምን ያደርጉታል?»

«ወረቀቱንና የአንገቱን ቀለበት ይልጣሉ፤ የእነሱ ፕላስቲክ ከጠርሙሱ ሌላ ዓይነት ነው» አለ ፍትዊ። «ከዚያ እዚያው ረግጠው ይጨፈልቁታል።»

ለተመድህን ከሱቅ ሦስት የታሸገ ሃይላንድ ውሃ አስመጥታ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የኑርሁሴንን ካቴና ራሷ ፈታችለት።

«ጠጡ፤ ሙቀቱ ከባድ ነው።»

ኑርሁሴን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ጠርሙሱን መሬት ላይ አኖረ። ፍትዊ ግማሹን ጠጥቶ ከደነው። ኣልጋነሽ እያለቀሰች ተጎነጨች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ለተመድህን። «የገዳዩ ጠርሙስ ወረቀትም ቀለበትም የለውም። ለቃሚዎቹ የላጡት ቢሆን ተጨፍልቆ ነበር። ስለዚህ የላጠው ዛሬ እዚህ ከነበሩት አንዱ ነው፤ ሶዳውን ሲሞላ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፣ ጣቶቹ ግን የለመዱትን ሠሩ። ኑርሁሴን ፕላስቲክ የሚነካው ከተፈጨ በኋላ ነው። የእሱም የፍትዊም ጠርሙስ ይኸው፣ ወረቀቱ አልተነካም። ኣልጋነሽ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ጭንሽን ተመልከቺ።»

ኣልጋነሽ ጎንበስ አለች። ጭኗ ላይ የተላጠ ወረቀትና ሰማያዊ ቀለበት ተቀምጠዋል። ልቅሶዋ ቆመ።

«ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ሌላ ሊያገባ ነበር» አለች። «ጠዋት ‹ከነገ ጀምሮ ወደ ለቃሚዎቹ ትመለሻለሽ፤ ምንም ነገር አይጣልም› አለኝ። እየሳቀ።»

«ሲቃጠል አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ውሃ ለመነኝ። ከዚያው ጠርሙስ ደገምኩለት።»

ለተመድህን ኑርሁሴንን «ወደ ቤትህ ሂድ» አለችውና ከእሱ እጅ የፈታችውን ካቴና ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።